«ፒክ» ስንት ሰከንድ ነው? ስለ ሰርቮ ሞተር ጉልበትና ፍሬን

በትምህርት ክፍላችን ስለ ጋዜጣ ብዙ እንማራለን፡፡ ርዕስ እንዴት እንደሚወጣ፣ ርዕሰ አንቀጽ ምን መምሰል እንዳለበት፣ ገጽ እንዴት እንደሚቀናበር እናውቃለን፡፡ ጋዜጣውን ስለሚያትመው ማሽን ግን «ማተሚያ ቤት ገባ» ከማለት ያለፈ ብዙም አናወራም፡፡

በትልልቅ የጋዜጣ ማተሚያዎች ወረቀቱ በአንሶላ በአንሶላ አይገባም፡፡ ከትልቅ ጥቅል እየተፈታ በሰከንድ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ እየሮጠ በሲሊንደሮች መካከል ያልፋል፡፡ ድሮ እነዚህን ሲሊንደሮች ሁሉ የሚያዞራቸው አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን በበርካታ ማተሚያዎች ዘንጉ ቀርቶ እያንዳንዱ የማተሚያ ክፍል የራሱ ሞተር ተገጥሞለታል፡፡ ሞተሮቹን አንድ ላይ የሚያስኬዳቸው ኤሌክትሮኒክስ ነው፡፡ አንዱ ከሌላው ጥቂት ቢቀድም ቀዩ ቀለም ከሰማያዊው ጋር አይገጥምም፤ የባለሥልጣኑ ፎቶ ሁለት አፍንጫ ያወጣል፡፡

እንግዲህ በዚህ ፍጥነት ላይ ወረቀቱ ተበጠሰ እንበል፡፡ ማሽኑ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መቆም አለበት፤ አለዚያ የተበጠሰው ወረቀት ሲሊንደር ላይ ተጠምጥሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል፡፡ ሁሉም ሞተር ደግሞ እኩል መቆም አለበት፡፡ ታዲያ ይሄን ያህል ብረት በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር ቆይቶ በሰከንዶች ውስጥ ሲቆም በውስጡ የነበረው ጉልበት የት ይሄዳል? ሞተሩስ ያንን ሲያደርግ እንዴት አይቃጠልም? ለጥያቄው መልስ የሚሰጡት ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ታርጋና አብሮት ከሚመጣው መግለጫ የሚገኙ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፡፡ አንደኛው መደበኛ ከረንት ይባላል፤ ሁለተኛው ፒክ ወይም የጣሪያ ከረንት፡፡

ሞተሩ ራሱ

ሰርቮ ማለት በአጭሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሞተር ነው፡፡ ከጀርባው ቦታውን የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ድራይቭ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ደግሞ ልኬቱን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያነበበ ለሞተሩ የሚሰጠውን ከረንት ያስተካክላል፡፡ የሚሽከረከረው ክፍል ላይ ቋሚ ማግኔቶች ተለጥፈዋል፤ ዙሪያውን በቆመው ክፍል ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል፡፡ ከረንት በሽቦው ሲያልፍ ሽቦው ማግኔት ይሆናል፤ ሁለቱ ማግኔቶች ይሳሳባሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ሞተሩም ይዞራል፡፡ ከረንት በጨመረ ቁጥር የማዞር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጨምራል፡፡

በሮቦት ክንድ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዝ የብረት መቁረጫ፣ በማሸጊያ ማሽን ላይ ያለው ይኸው ነው፡፡ ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ በሚይዘው መያዣ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሞተሮችም፣ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚነዱባቸው ሞተሮችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፡፡

ሁለቱ ቁጥሮች

ለማስረዳት ያህል አንድ ሞተር እናስብ፡፡ መደበኛ ከረንቱ 5 አምፔር፣ ፒኩ 15 አምፔር ነው፡፡ በእያንዳንዱ አምፔር ግማሽ ኒውተን ሜትር ጉልበት ይሰጣል፡፡ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ 2.5 ኒውተን ሜትር፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ 7.5 ኒውተን ሜትር ማውጣት ይችላል ማለት ነው፡፡ ሦስት እጥፍ! ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው የትኛውን ቁጥር በትልቁ እንደሚጽፍ መገመት አያዳግትም፡፡

መርካቶ ውስጥ ኩንታል የሚሸከም ወዛደርን አስቡት፡፡ ከመኪናው እስከ መጋዘኑ ድረስ መቶ ኪሎ ይሸከማል፡፡ ይህን አይቶ «ይህ ሰው መቶ ኪሎ ተሸክሞ እስከ ቃሊቲ ይሄዳል» ብሎ የሚዘግብ ጋዜጠኛ አይኖርም፡፡ ሞተር ላይ ሲደርስ ግን እንዲህ ያለ ዘገባ ሞልቷል፤ የፒኩን ቁጥር ይዘን «አቅሙ ይህን ያህል ነው» ብለን እንጽፋለን፡፡ ፒክ ምንጊዜም አብሮት ጊዜ አለ፡፡ ለብዙ ሰርቮዎች ጊዜው ጥቂት ሰከንድ ነው፡፡ ጊዜው ያልተጻፈለት ፒክ በእኔ አስተያየት ግማሽ ዜና ነው፡፡

ምክንያቱ ሙቀት ነው፡፡ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው፡፡ የሞተራችን ሽቦ ሬዚስታንስ 1.2 ኦም ነው እንበል፡፡ በ5 አምፔር 5 በ5፣ ያ ደግሞ በ1.2 ሲባዛ 30 ዋት ሙቀት ይወጣዋል፡፡ በ15 አምፔር ግን 270 ዋት ይሆናል፡፡ ጉልበቱ ሦስት እጥፍ፣ ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ፡፡ የሞተሩ አካል ደግሞ ወደ አየር ማስወጣት የሚችለው የ30 ዋቱን ያህል ብቻ ነው፤ የተረፈው ሽቦው ላይ ይጠራቀማል፡፡ ነገሩን የሚያብሰው መዳብ በሞቀ ቁጥር ሬዚስታንሱ መጨመሩ ነው፤ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ከፍ ሲል ሬዚስታንሱ በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል፡፡ ስለዚህ የሞቀ ሞተር ይበልጥ የመሞቅ ጠባይ አለው፡፡

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፡፡ ቴክኒሻኑ እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ሊል ይችላል፡፡ ቀዝቃዛ የሆነው ውጪው ነው፡፡ የሞተሩ አካል ለመሞቅ ብዙ አሥር ደቂቃዎች ሲፈጅበት፣ ሽቦው ግን በፒክ ከረንት በአንድ ደቂቃ ውስጥም ሊጎዳ ይችላል፡፡ በሽቦው ውስጥ የሚቀበረው የሙቀት መለኪያ እንኳን ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚሰማው፡፡ ስለሆነም ጥሩ ድራይቭ መለኪያውን ብቻ አይጠብቅም፡፡ ያለፈውን ከረንት በራሱ እያባዛ ከጊዜው ጋር ይደምራል፤ ድምሩ ከተፈቀደው ሲያልፍ «በቃህ» ብሎ ከረንቱን ወደ መደበኛው ይመልሰዋል፡፡ በተለይ ሞተሩ ሳይዞር ቆሞ ሲገፋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ ላይ ሸክሙ ስለሚበዛ ሙቀቱም እዚያው አንድ ቦታ ይከማቻል፡፡

የሽቦው መሸፈኛ የሚችለው ሙቀት በደረጃ የተለየ ነው፡፡ በኢንዱስትሪ ሞተር በብዛት የሚገኘው አንደኛው ደረጃ እስከ 155፣ ሌላው እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈቅዳል፡፡ መሐንዲሶች በልምድ የሚይዙት ስሌት ከደረጃው በላይ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ የመሸፈኛው ዕድሜ በግማሽ እንደሚቀንስ ነው፡፡ እንዲህ ያለው ሞተር ዛሬ ሠርቶ ነገም ይሠራል፤ በአሥር ዓመቱ መሞት ሲገባው በሦስት ዓመቱ ይሞታል፡፡

ማግኔቱም ይሞታል

የተቃጠለ ሽቦ ዲናሞ የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ጋ ተወስዶ እንደገና ይጠቀለላል፡፡ የማግኔቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፡፡

በአብዛኛው ሰርቮ ውስጥ ያለው ማግኔት ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራ ነው፡፡ ይህን ማግኔት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ለየብቻቸው ሠሩት፡፡ በጉልበቱ ከቀደሙት ሁሉ ይበልጣል፤ ደካማ ጎኑ ሙቀት ነው፡፡ ተራው ዓይነት እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ብቻ የሚታመን ሲሆን፣ ለሞተር የሚዘጋጁት የተሻሉ ዓይነቶች 150ና 180 ዲግሪ ይችላሉ፡፡ ይህን ጽናት ለመጨመር ዲስፕሮሲየም የሚባል ብርቅ ማዕድን ይደባለቅበታል፡፡ ቻይና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ይህንንና ሌሎች ስድስት ተመሳሳይ ማዕድናት ወደ ውጭ ለመላክ ልዩ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ስታደርግ የዓለም መኪና አምራቾች የተጨነቁት በዚሁ ምክንያት ነበር፡፡ ከኢኮኖሚ ገጽ የምናነበው ዜና ሥሩ እዚህ ሞተር ውስጥ ነው ያለው፡፡

ከረንቱ በሽቦው ውስጥ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ ኃይል ከቋሚው ማግኔት ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ሊገጥመው ይችላል፡፡ ግጥሚያው ከአንድ ልክ በላይ ከሆነ ማግኔቱ በከፊል ይሸነፋል፡፡ ማግኔቱ ሲሞቅ ደግሞ የመቋቋም ኃይሉ ስለሚቀንስ በቀዝቃዛው ያልጎዳው ከረንት በሙቁ ይጎዳዋል፡፡ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢቀዘቅዝም የተሸነፈው ክፍል አይመለስም፡፡ ሽቦ ሲቃጠል ይሸታል፣ ያጨሳል፤ ማግኔት ሲደክም ግን ምንም ምልክት የለውም፡፡ 10 በመቶ ደክሟል እንበል፤ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ሞተሩ 11 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ከረንት ይፈልጋል፣ ሽቦውም ከበፊቱ 23 በመቶ ያህል የበለጠ ይሞቃል፡፡ ስለዚህ የፒክ ከረንት ሁለት ጣሪያ አለው፡፡ አንደኛው በሰከንዶች የሚቆጠር የሙቀት ጣሪያ ነው፡፡ ሁለተኛው ለአፍታም ቢሆን መታለፍ የሌለበት የማግኔት ጣሪያ ነው፡፡

ፍሬን

ከልጆች መጫወቻ መኪና የወጣ ትንሽ ሞተር ያለው ሰው ይህን ይሞክር፡፡ ዘንጉን በጣቱ ያሽከርክረው፤ ቀለል ብሎ ይዞራል፡፡ ቀጥሎ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ ፈጠን አድርጎ ይሞክረው፤ ይከብደዋል፡፡ ባትሪ የለም፣ መብራት የለም፣ ግን አንድ ነገር ይይዘዋል፡፡

ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር በዞረ ቁጥር ጄኔሬተርም ነው፡፡ ይህን ጠባዩን በማብሪያ ማጥፊያ ማስቀረት አይቻልም፤ ማግኔቱ እዚያው ነውና፡፡ ያሰብነው ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ከሽቦው ጫፍ 157 ቮልት ገደማ ይወጣል፡፡ ሞተሩ ሲቆም በሚሽከረከረው አካል ውስጥ የነበረው ጉልበት በዚሁ መንገድ ወደ ኤሌክትሪክነት ተቀይሮ ወደ ድራይቩ ይመለሳል፡፡

ምን ያህል ነው የሚመለሰው? ሞተሩና ያሰርንበት ሸክም አንድ ላይ ሲሽከረከሩ የያዙት ጉልበት 986 ጁል ነው እንበል፡፡ በፒክ ከረንት፣ በ7.5 ኒውተን ሜትር ፍሬን ብናስይዘው በ0.84 ሰከንድ ይቆማል፡፡ ከጉልበቱ 225 ጁል ያህሉ እዚያው የሞተሩ ሽቦ ላይ በሙቀት ይቀራል፡፡ ወደ 760 ጁል የሚሆነው ወደ ድራይቩ ይመጣል፡፡ ድራይቩ ይህን የሚያጠራቅምበት ካፓሲተር አለው፤ መጠኑ 1000 ማይክሮፋራድ ቢሆን በ220 ቮልት መስመር ላይ ከ311 ቮልት ተነስቶ እስከ 400 ቮልት ድረስ ቢሞላ የሚይዘው 32 ጁል ብቻ ነው፡፡ 760 መጣ፣ ቦታ ያለው ለ32! ፍሬኑ ከተያዘ 20 ሚሊ ሰከንድ እንኳን ሳይሞላ ካፓሲተሩ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፡፡ ድራይቩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፡፡ ሲዘጋ ደግሞ ፍሬን መያዙን ይተዋል፡፡ አደገኛው ነገር እሱ ነው፤ ማሽኑ ከሁሉም በላይ መቆም ባለበት ሰዓት ነው መያዣ የሚያጣው፡፡

ስለዚህ የፍሬን ሬዚስተር ይገጠማል፡፡ ነገርዬው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ የሚሠራውን ነው የሚሠራው፤ የመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ቀይሮ ይጥለዋል፡፡ ቮልቱ ከፍ ሲል ድራይቩ ሬዚስተሩን ያገናኘዋል፣ ዝቅ ሲል ያላቅቀዋል፡፡ ደህና ገንዘብ የወጣባቸው ማሽኖች ኤሌክትሪኩን ወደ መስመሩ ይመልሱታል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪውን ይሞላበታል፡፡ ከጥር 2016 ዓ.ም. የመንግሥት ውሳኔ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ስለበዛብን «ቁልቁለት ስትወርድ ባትሪ ትሞላለች» የሚለውን ወሬ የማያውቅ የለም፡፡ ወሬው እውነት ነው፤ ባትሪው ከወዲሁ ሙሉ ከሆነ ግን ጉልበቱ የሚገባበት ስለሌለ መኪናዋ ይህን ፍሬን መቀነስ ግድ ይሆንባታል፡፡

መብራት ማጥፋት ማቆም አይደለም

ቀዩን የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፡፡ ሲመታ ምን ይሆናል? የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን 60204-1 በሚባለው ደረጃው ማሽን የሚቆምባቸውን መንገዶች ዜሮ፣ አንድና ሁለት ብሎ ይከፍላቸዋል፡፡ በዜሮው ኃይሉ ወዲያው ይቋረጣል፡፡ በአንድ ማሽኑ በቁጥጥር ሥር ፍሬን ይዞ ይቆምና ከዚያ በኋላ ኃይሉ ይቋረጣል፡፡ በሁለት ከቆመ በኋላም ኃይሉ አይቋረጥም፤ ይህ ለአደጋ ጊዜ ቁልፍ አይሆንም፡፡ ኃይል ወዲያው ማቋረጥ ከሁሉም የሚሻለው ይመስላል፡፡ ከባድ ሲሊንደር ግን ኃይል ሲቋረጥበት ዝም ብሎ መሽከርከሩን ይቀጥላል፤ የሚያቆመው የኩሽኔታው ሰበቃ ብቻ ነው፡፡ እጅ በሚገባበት ቦታ ይህ ልዩነት የጣት ጉዳይ ነው፡፡

ድራይቩ ራሱ ቢበላሽስ? እዚህ ላይ የመጫወቻዋ ሞተር ሙከራ ትመጣለች፡፡ ሦስቱን የሞተር ሽቦዎች ሾርት ማድረግ ነው፡፡ ሞተሩ በገዛ ኤሌክትሪኩ ራሱን ይይዛል፡፡ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የፒኩ ቁጥር የሚፈተነው እዚሁ ነው፡፡ ምክንያቱም አሁን ከረንቱን የሚቆጣጠር ማንም የለም፡፡

157 ቮልት ለ1.2 ኦም ሲካፈል 130 አምፔር ገደማ ነው፤ የተፈቀደው 15 ነበር፡፡ ደግነቱ በሚዞር ሞተር ውስጥ የጥቅሉ ኢንዳክታንስ የሚባለው ጠባይም ከረንቱን ያፍነዋል፡፡ የሞተራችን ኢንዳክታንስ 6 ሚሊ ሄንሪ፣ የማግኔት ጥንዶቹ 4 ቢሆኑ ከረንቱ ወደ 20 አምፔር ይወርዳል፡፡ ሾርት በተደረገበት ቅጽበት ግን ለአፍታ ከዚህም በላይ፣ ወደ እጥፉ ሊጠጋ ይችላል፡፡ ያም ሆነ ይህ ከፒኩ በላይ ነው፡፡ ይባስ ብሎ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የሾርቱ ከረንት የሚፈጥረው ኃይል ከማግኔቱ ጋር ፊት ለፊት የሚገጥመው ዓይነት ነው፤ ማለትም ማግኔቱን ለማድከም የተመቸው አቅጣጫ፡፡

ይህን ያህል ከረንት ሲፈስ ፍሬኑም በዚያው ልክ ይጠነክራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል፡፡ ስሌቱ ሌላ ነው የሚለው፡፡ በ3000 ዙር ላይ 20 አምፔር እየፈሰሰ የሚገኘው የፍሬን ጉልበት 1.6 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፡፡ ፍጥነቱ ወርዶ 480 ዙር አካባቢ ሲደርስ ከረንቱ ቀንሶ ፍሬኑ ግን ወደ 5 ከፍ ይላል፡፡ ፍሬኑ በጣም በሚያስፈልግበት ፍጥነት በጣም ደካማ ነው ማለት ነው፡፡

አሁን በሾርቱ መንገድ ላይ ሬዚስተር እናስገባ፤ የሽቦው 1.2 ኦም ተጨምሮበት ጠቅላላው 7.5 ኦም ይሁን፡፡ በዚያው በ3000 ዙር ከረንቱ ከ20 ወደ 14.8 አምፔር ይወርዳል፤ ከፒኩ ጥቂት በታች ሆነ፡፡ የፍሬኑ ጉልበት ደግሞ ከ1.6 ወደ 5.2 ኒውተን ሜትር ይወጣል! ከረንቱ ቀነሰ፣ ፍሬኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ፡፡ ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው፡፡ ፍሬን ማለት ጉልበትን ወደ ሙቀት መቀየር ነው፤ ኢንዳክታንስ ከረንትን ያፍናል እንጂ ሙቀት አይሠራም፡፡ ሙቀት የሚሠራው ሬዚስታንስ ነው፡፡ አብዛኛው ሙቀትም አሁን የሚወጣው ከሞተሩ ሆድ ውጪ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ሬዚስተር ላይ ነው፡፡ ባዶ ሽቦ አገናኝቶ «ፍሬን ሠራሁ» የሚል ሰው ሞተሩንም ማግኔቱንም ለአደጋ አጋልጦ ደካማ ፍሬን ነው ያገኘው፡፡

መብራት ሲሄድ

በኛ አገር «መብራት ሄደ» የተለመደ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማሽን የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፡፡ ጉልበቱን ወደ መስመሩ የሚመልስ ድራይቭ መስመሩ ከሌለ የሚመልስበት የለውም፤ ስለዚህ ለዚያ ሰዓት ሬዚስተር ያስፈልገዋል፡፡ በሌላ በኩል ሞተሮቹ አንድ ላይ መሄድ ባለባቸው ማተሚያና የጨርቃ ጨርቅ ማሽኖች ላይ አንድ ደስ የሚል ዘዴ አለ፡፡ ኃይል ሲቋረጥ ድራይቮቹ ከከባዶቹ ሲሊንደሮች ጉልበት ቀስ እያሉ ይወስዳሉ፤ በዚያ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያው ሳይጠፋ ይቆያል፣ ሌሎቹም ሞተሮች እኩል እያዘገሙ ይቆማሉ፡፡ ወረቀቱም ክሩም አይበጠስም፡፡ ማሽኑ በገዛ ሩጫው ነው ራሱን የሚያቆመው፡፡

ከቆመ በኋላ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሌላ ነው፡፡ በብዙ ሰርቮዎች ጀርባ በስፕሪንግ የሚያዝ ፍሬን አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲኖር ይለቃል፣ ሲጠፋ ስፕሪንጉ ይነክሰዋል፡፡ የሊፍት ፍሬንም በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠራው፡፡ ይህ ፍሬን የቆመን ለመያዝ እንጂ የሚሮጥን በየጊዜው ለማቆም አልተሠራም፤ በየቀኑ የሚሮጥ ሞተር ላይ እንዲነክስ የሚደረግ ከሆነ ሸራው ያልቅና አንድ ቀን ይንሸራተታል፡፡ ደግሞም ወዲያው አይነክስም፤ ጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች ይፈጅበታል፡፡ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድ ክንድ ላይ ያቺ ጊዜ ዕቃው ትንሽ ዝቅ የሚልባት ናት፡፡ ለዚህ ነው ጥሩ ድራይቭ መጀመሪያ ስፕሪንጉን አስነክሶ፣ መንከሱ እስኪያልቅ ራሱ ይዞ ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ከረንቱን የሚለቀው፡፡